ተንቀሳቃሽ የመኪና ሊፍት በቤት ጋራዥ፦ የሚያነሳው ሌላ፣ የሚይዘው ሌላ

የመኪና ሊፍት ሲባል ድሮ የሚታሰበው ትልቅ ጋራዥ ውስጥ ወለል ላይ የተተከለ ባለ ሁለት ምሰሶ ብረት ነበር። አሁን ሁለት ሰው ተሸክሞ የሚያንቀሳቅሰው፣ ሥራ ሲያልቅ ግድግዳ ተደግፎ የሚቀመጥ ሊፍት አለ። መኪናውን ራሱ መነካካት የሚወድ ሰው ይህን ሲያይ ልቡ መሄዱ አይቀርም። ቪዲዮዎቹም ነገሩን ቀላል ያስመስሉታል። ቁልፍ ይጫናል፣ መኪናው ይነሳል፣ በቃ።

በእርግጥም ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ከአንድ ቶን በላይ ብረት ሥር ሰው የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት እንዴት እንደሚያነሳ፣ ካነሳ በኋላ ደግሞ መኪናውን ምን እንደሚይዘው ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚያምታታው ይህችን የመጨረሻዋን ነው።

"ተንቀሳቃሽ" የሚባለው የትኛው ነው?

ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዕቃው የተለያየ ነው። ለቤት የሚቀርቡት በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ጥንድ ፍሬም ነው። ሁለት ረጃጅምና ጠፍጣፋ የብረት ፍሬሞች ናቸው፤ አንዱ በመኪናው ግራ፣ ሌላው በቀኝ በኩል ሥር ይገባሉ። ታጥፈው ሲቀመጡ ከፍታቸው ከ8 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ከአብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ሥር ያልፋሉ። ሲነሱ መኪናውን ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጉታል። መሃሉ ባዶ ስለሆነ ከሞተር እስከ ማርሚታ ያለው የመኪናው ሆድ በሙሉ ክፍት ነው። ስለ ቤት ሊፍት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለዚህ ነው። እኔም ሌላ ካላልኩ በቀር የማወራው ስለሱ ነው።

ሁለተኛው የመቀስ ሊፍት ነው። እግሮቹ እየተሻገሩ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ብዙውን ጊዜ ከጥንድ ፍሬሙ ከፍ ያደርጋል። ግን ከባድ ነው፤ ተንቀሳቃሽ የተባለው ጎማ ተገጥሞለት ስለሚገፋ እንጂ ሰው ስለሚሸከመው አይደለም። መሃል ላይ ስለሚቀመጥም ካምቢዮውንና ማርሚታውን ይጋርዳል። ሥራዎ ጎማና ፍሬን ብቻ ከሆነ ግን ይመቻል።

ሦስተኛው አጠር ያለ ባለ ሁለት ምሰሶ ነው። ምሰሶዎቹ ወለሉ ላይ በብሎን ይታሰራሉ። ሥራ ሲያልቅ ብሎኑ ተፈቶ ምሰሶዎቹ ጥግ ይያዛሉ። መኪናውን ከሜትር በላይ ያነሳል፤ ካምቢዮ ማውረድ ለሚያምረው ሰው የሚያዋጣው ይህ ነው። የዚህኛው ሕይወት ያለው ግን ኮንክሪቱ ላይ ነው። ወደሱ እንመለሳለን።

ዘይት ቶን የሚያነሳው እንዴት ነው?

ነገሩ ሃይድሮሊክ ይባላል። ሃይድሮሊክ ማለት በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ያለን ፈሳሽ በአንድ በኩል ገፍቶ በሌላ በኩል ጉልበት ማግኘት ነው። ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም። ስለዚህ አንዱ ጋ የተፈጠረው ግፊት ወደ ሁሉም ቦታ እኩል ይደርሳል። ይህን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያብራራው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1795 በዚሁ መርህ ለሚሠራ መጭመቂያ ማሽን የፈጠራ መብት አወጣ። ዛሬ የምናውቀው ክሪክም ሊፍትም ሥራቸው ያው ነው።

ቁጥር ሲገባበት ይበልጥ ይገባል። ዘይቱን ወደ ቱቦው የሚገፋው ፓምፕ 200 ባር ግፊት ሰጠ እንበል። ይህ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 200 ኪሎ ያህል እንደመጫን ነው። በዘይቱ ተገፍቶ ፍሬሙን የሚያነሳው ክብ ብረት፣ ማለትም የፒስተኑ ስፋት ዳር እስከ ዳር 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ዘይቱ የሚገፋው ፊቱ ወደ 20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 20 በ200 ሲባዛ 4,000 ኪሎ ነው። በእጅ መዳፍ የሚያዝ አንድ ፒስተን አራት ቶን ይገፋል ማለት ነው።

"ታዲያ እንዲህ ያለ ሁለት ፒስተን ያለው ሊፍት ለምን ስምንት ቶን አያነሳም?" ቢሉ ጥያቄዎ ልክ ነው። ፍሬሙ ሲታጠፍ ፒስተኑ አብሮ ይተኛል። ተኝቶ ሲገፋ አብዛኛው ጉልበቱ የሚሄደው ወደ ጎን ነው፤ ወደ ላይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ፍሬሙ ከፍ እያለ ሲሄድ ፒስተኑም ቀና ይላል፣ ጭነቱም ይቀለዋል። ፓምፑ መጀመሪያ ላይ አቃስቶ በኋላ ድምፁ የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። ከመሬት ሲነሳ ያለው ማቃሰት ብልሽት አይደለም። መሃል ላይ ደርሶ ማቃሰት ከጀመረ ግን አንድ ነገር ይዞታል ማለት ነውና ወዲያው ማቆም ነው።

ሌላው ሰው የሚደነግጥበት ነገር የሁለቱ ፍሬሞች አለመተካከል ነው። አዲስ ሊፍት ተገጣጥሞ ሲሞከር አንዱ ቀድሞ ሌላው ይቀራል፤ ወይም እየዘለለ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ነው። አየር ስለሚታመቅ እንደ ስፕሪንግ ይጫወታል። መኪና ሳይጫንበት ደጋግሞ ማንሳትና ማውረድ፣ መመሪያው በሚለው መንገድም አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ መኪና መጫን የለበትም።

ከተነሳ በኋላስ መኪናውን የሚይዘው ማነው?

ጠቅላላው ጉዳይ ያለው እዚህ ጋ ነው። ዘይቱ ማንሳቱን አንስቶታል። መያዝ ግን የዘይቱ ሥራ አይደለም።

አንድን በር በትከሻ ደግፎ መቆምና መቀርቀሪያ መወርወር አንድ አይደለም። ትከሻ ይደክማል፣ ይንሸራተታል፤ መቀርቀሪያ ግን ሰው ቢኖርም ባይኖርም ይይዛል። ዘይቱ ትከሻው ነው። ቱቦ ሊተነፍስ ይችላል። ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክሉት የጎማ ቀለበቶች ሊያረጁ ይችላሉ። አንድ ሰው ሳያስበው የማውረጃውን ቁልፍ ሊነካ ይችላል። መቀርቀሪያው ደግሞ ፍሬሙ ላይ ያለው የብረት መቆለፊያ ነው። ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ ዘይቱ በሙሉ ቢፈስ እንኳ መኪናው አይወርድም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መቆለፊያው ከፍታው ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ይገባል፤ ሰውም ድምፁን ሰምቶ "ተቆልፏል" ብሎ ሥር ይገባል። ግን ቀጭ ማለቱ ብቻውን አይበቃም። በዚያች ቅጽበት ክብደቱ ያለው አሁንም ዘይቱ ላይ ነው። መቆለፊያው ገብቷል እንጂ ጭነት አልተቀበለም። ቀጣዩ እርምጃ የማውረጃውን ቁልፍ ተጭኖ መኪናውን ቁልቁል ወደ መቆለፊያው ማሳረፍ ነው። መኪናው ትንሽ ይወርድና ድርቅ ብሎ ይቆማል። ቁልፉ ቢጫንም ከዚያ አይወርድም። አሁን ነው የተያዘው።

ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው። የግራው መቆለፊያ ተቀምጧል? የቀኙስ? ሁለቱም እኩል ከፍታ ላይ ናቸው? አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ባለ ጥርስ ላይ ቢያርፉ መኪናው ተዛብቶ ነው የቆመው። ይህ ምልከታ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በኔ እምነት ከሊፍቱ ዋጋም ከስሙም በላይ የሰው ሕይወት የሚያድነው ይህ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ለማውረድ ሲፈለግ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። መጀመሪያ ትንሽ ከፍ ይደረጋል፣ መቆለፊያው ነጻ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ከመውረዱ በፊት ከሥሩ መሣሪያ፣ የዘይት መቀበያ ሳህን፣ በተለይ ደግሞ ልጅ አለመኖሩ ይታያል።

ብረት ሲባል ግን በጭፍን መታመን አለበት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ የመሣሪያ ሻጭ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማቆሚያ ብረቶችን፣ ማለትም በክሪክ የተነሳን መኪና ከሥር ደግፈው የሚይዙ እግሮችን፣ ከገበያ ሰብስቧል። መያዣው ጥርሱን በደንብ ስለማይነክስ ጭነት ላይ ሳለ ሊለቅ ይችላል ተብሎ ነው። ስለዚህ የሊፍቱን መቆለፊያም በየጊዜው በእጅ መዳሰስ፣ ጫፉ እንዳልተበላ፣ ስንጥቅ እንደሌለው ማየት ይገባል። ጎማ የሚፈታ ሰው የተፈታውን ጎማ ከመኪናው ሥር አጋድሞ ቢያስቀምጥ ተጨማሪ መከላከያ ይሆነዋል። ምንም ወጪ የለውም።

የኔን መኪና ይችለዋል?

ሊፍቱ ላይ የተጻፈው የመጫን አቅም ብዙ ጊዜ ከ2.3 እስከ 3.2 ቶን ባለው ውስጥ ነው። የመኪናው ክብደት ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ ይበሉ። ባዶ ክብደት አለ፤ ሰውና ዕቃ ሳይጨምር ማለት ነው። ሙሉ ጭኖ እንዲመዝን የሚፈቀድለት ከፍተኛ ክብደትም አለ። በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ይህ ሁለተኛው ነው። ለሊፍት የሚያስፈልገው ባዶ ክብደቱ ነው፤ ኋላ የተጫነ ዕቃ ካለ ግን ተደምሮ።

ጠቅላላ ክብደቱ ከአቅሙ በታች ከሆነ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም። ሊፍቱ አራት መደገፊያ ነጥብ አለው። የፊት ጎማዎቹ የሚነዱት መኪና ደግሞ ሞተሩም ካምቢዮውም ፊት ስለሆነ 60 በመቶ ያህል ክብደቱ ፊት ላይ ነው። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንውሰድ። ፊት ላይ 1,200 ኪሎ አለ። ለሁለት ሲካፈል በእያንዳንዱ የፊት መደገፊያ 600 ኪሎ ነው። አቅሙ 2,270 ኪሎ የሆነ ሊፍት ለአራት ሲካፈል ግን በአንድ መደገፊያ 567 ኪሎ ብቻ ይደርሰዋል። መደገፊያዎቹ ከጎማዎቹ ወደ ውስጥ ገባ ስለሚሉ የፊቱ ድርሻ እንዲያውም ከ60 በመቶ ከፍ ይላል። በጠቅላላው ሲታይ የሚችል የመሰለው ሊፍት ፊቱ ላይ ተጨናንቋል ማለት ነው። እኔ ብጠየቅ፣ የመኪናው ባዶ ክብደት ከሊፍቱ አቅም ሦስት አራተኛውን ባያልፍ እመርጣለሁ።

ክብደቱ እንዳለ የሚቆይም አይደለም። መኪናው ተነስቶ ሳለ ካምቢዮ ወይም ሞተር ከወረደ የክብደቱ መሃል ወደ ኋላ ይሸሻል። በጥሩ ሁኔታ ተቀምጦ የነበረው መኪና ጭራው ሊከብድ ይችላል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲኖር ቀለል ከሚለው ጫፍ በተቃራኒ፣ ማለትም ሊያዘነብል በሚችልበት በኩል፣ ተጨማሪ ማቆሚያ ብረት ይገባል።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ነገሩ ይለያል። ባትሪው ከሥር ስለሆነ ተመሳሳይ መጠን ካለው የቤንዚን መኪና ብዙ ጊዜ ይከብዳል፤ መደገፊያ ቦታውም ጠባብ ነው። በአየር የሚሠራ ሳስፔንሽን (መኪናውን ጎማው ላይ ተሸክሞ ንዝረት የሚያበርድ ክፍል) ያለው መኪና ደግሞ ሲነሳ ጎማዎቹን በራሱ ለማስተካከል ሊሞክር ስለሚችል፣ ይህን የሚያቆመውን የክሪክ ሞድ ቀድሞ ማብራት ያስፈልጋል።

መደገፊያው የት ጋ ይገባል?

አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ከበሩ ሥር፣ ከፊት ጎማ ኋላና ከኋላ ጎማ ፊት፣ የተጠናከረ የላሜራ ጠርዝ አላቸው። ሁለት ምልክት ወይም ጭረት ይታይበታል። ለዚህ ጠርዝ መሃሉ የተሰነጠቀ የጎማ መደገፊያ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጠርዙ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ አይጣመምም። ፒክአፕና ሌሎች ሻንሲ (አካሉን ከሥር የሚሸከም የብረት አጽም) ያላቸው መኪናዎች ግን የሚነሱት በሻንሲያቸው ነው። የሞተሩ ዘይት መያዣ፣ የወለሉ ላሜራ፣ የፕላስቲክ ሽፋን፣ የባትሪ ሳጥን በፍጹም መደገፊያ አይሆኑም። ትክክለኛውን ቦታ የሚናገረው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው። ዝገት የበላው ጠርዝ ደግሞ መጽሐፉ ቢፈቅድም አይታመንም።

መደገፊያው ቦታውን ከያዘ በኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ትንሽ እስኪለቁ ብቻ ማንሳት፣ ከዚያ ማቆም ነው። መኪናውን በእጅ ገፋ ገፋ አድርጎ መሞከር። አራቱንም መደገፊያ አጎንብሶ ማየት። አንዱ ጠርዝ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ አውርዶ እንደገና ማስተካከል ነው። በዚህች ከፍታ የሚንሸራተት መኪና ቢበዛ ላሜራ ያጣምማል። ከግማሽ ሜትር የሚወርደው ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የፍሬሙ ክንዶች ሲነሱ ቀጥ ብለው ሳይሆን ቅስት ሠርተው ነው የሚነሱት። ስለዚህ መኪናው ከፍ ሲል አብሮ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሄዳል። መከላከያው ግድግዳ ሥር ተጠግቶ የሚነሳ መኪና ግድግዳውን ሊያገኘው ይችላል። ፍሬሙ ወዴት እንደሚሄድ ባዶውን አንስቶ ማየት ጥሩ ነው።

ወለሌና ጣሪያዬስ ይፈቅዳሉ?

ጥንድ ፍሬም ክብደቱን በረጅም ብረት ላይ ስለሚዘረጋ ደህና ኮንክሪት ይበቃዋል። አስፋልት፣ ጠጠርና አፈር ግን አይሆኑም። አስፋልት ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ብረቱም ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ አንዱ ወገን ከሌላው በላይ ሲሰምጥ መኪናው ያዘነብላል። ብዙ የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲወርድበት ተዳፋት ተደርጎ ይሠራልና ተዳፋቱን በውሃ ልክ መለካት ያስፈልጋል።

በብሎን የሚታሰረው ባለ ሁለት ምሰሶ ግን ጥብቅ ነው። እያንዳንዱ ምሰሶ መኪናውን የሚይዘው በአንድ ጎኑ ስለሆነ ክብደቱ ምሰሶውን ወደ መኪናው ሊጥለው ይጎትተዋል። ያንን የሚከለክሉት ብሎኖቹ ናቸው፤ ብሎኖቹን የሚይዘው ደግሞ ኮንክሪቱ። እንደ ሞዴሉ ቢያንስ 10 ወይም 11 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በደንብ የጠነከረ ኮንክሪት ይጠየቃል። አዲስ የተሞላ ከሆነ 28 ቀን ይጠበቃል። ስንጥቅ አጠገብ ወይም ከጠርዝ ተጠግቶ አይበሳም። ላዩ ሴራሚክ ከሆነ ብሎኑ የሚቆጠረው ከሥሩ ባለው ኮንክሪት እንጂ በሴራሚኩ አይደለም። የቤቱን ወለል ውፍረት በግምት ማወቅ አይቻልም፤ በስቶ መለካት ነው። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ባለቤቱ ሳይፈቅድ መብሳት የለም።

ጣሪያው ቀላል ሒሳብ ነው። 1.5 ሜትር ቁመት ያለው መኪና 55 ሴንቲ ሜትር ሲነሳ 2.05 ሜትር ይሆናል። ኮፈኑ ሲከፈት ምን ያህል እንደሚወጣ ይለካል። ወደ ላይ ተጠቅልሎ የሚከፈት በር ካለም የተከፈተው በር ከመኪናው አናት በላይ መሆኑ ይታያል። ይህ ይረሳል።

መብራቱና ዘይቱስ?

የፓምፑ ሞተር ሲነሳ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ላይ ከተሰካ የሚደርሰው ኃይል ይቀንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። በመኪና ባትሪ የሚሠሩም አሉ፤ እነሱ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስቡ ወፍራም ገመድና ጥሩ ባትሪ ይፈልጋሉ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሞተሩ ደግሞ ውስጡ የእሳት ፍንጣሪ ሊኖረው ይችላል። የነዳጅ መስመር በሚፈታበት ቀን ፓምፑ ከወለል ከፍ ብሎ፣ በሩም ተከፍቶ ይሁን።

ዘይቱ አምራቹ ያዘዘው ነው። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም አይገባበትም። ለእንዲህ ያለ ፓምፕ የተሠሩትን የጎማ ቀለበቶች አሳብጦ ያበላሻቸዋል።

የሚቀጥለውን አጥብቄ የምናገረው ነው። ቱቦ ሲያፈስ ካዩ ቀዳዳውን በጣት አይፈልጉ። በ200 ባር ከመርፌ ጫፍ በምታንስ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ላዩ ትንሽ ነጥብ ብቻ ይታያል፤ ሕመሙም መጀመሪያ ላይ ቀላል ሊሆን ይችላል። ውስጡ ግን ሥጋ ይሞታል፣ ጣት እስከማስቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ባይታመምም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድና "በግፊት የወጣ ዘይት ገብቶብኛል" ብሎ መናገር አለበት። ፍሳሹን ለመፈለግ ካርቶን ቱቦው አጠገብ ይያዛል። ከዚያ በፊት ግን መኪናው መቆለፊያው ላይ ይሁን።

ክሪክና ማቆሚያ ካለኝ ምን ይጨምርልኛል?

ሐቁን ለመናገር፣ በዓመት ሁለቴ ዘይት ለሚቀይር ሰው ደህና ክሪክና አራት ማቆሚያ ብረት ይበቃል። ሊፍቱ የሚጨምረው ጊዜና እኩልነት ነው። በክሪክ አንድ ጥግ ሲነሳ መኪናው ያጋድላል፤ አራቱን ጥግ አንድ በአንድ እስኪያነሱ ማቆሚያዎቹ ሊናጉ ይችላሉ። ሊፍቱ አራቱንም አንድ ላይ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ በሆነ ጊዜ ያነሳል። የፍሬን ሸራ፣ የጎማ ማዘዋወር፣ የሳስፔንሽን ሥራ፣ የማርሚታ ብየዳ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ገደቡም ይታወቅ። ግማሽ ሜትር ማለት ቆሞ መሥራት ማለት አይደለም። አሁንም ተንጋሎ፣ ወይም ባለ ጎማ ጣውላ ላይ ተኝቶ ነው የሚሠራው። ካምቢዮ ለማውረድም ከፍታው ይጠብባል። ፍሬሞቹም ቀላል አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ስለሆኑ ብቻውን ለሚሠራና ወገቡን ለሚያመው ሰው ወጥቶ የመግባቱ ነገር ራሱ ሥራ ነው።

ያገለገለ ብገዛስ?

ይቻላል፤ ግን ሻጩ ፊት ባዶውን ሳይሆን መኪና ጭኖ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ዘይቱ ላይ እንዳለ፣ ማለትም መቆለፊያው ላይ ሳያርፍ፣ ከፍታውን በሜትር ለክተው ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፤ ማንም ሥር እንዳይገባ። ዝቅ ካለ የጎማ ቀለበቶቹ ወይም ቫልቩ አርጅተዋል። የፒስተኑ ዘንግ እንደ መስታወት ለስላሳ መሆን አለበት፤ ጭረት ወይም ዝገት ካለው አዲስ ቀለበት ቢገባለትም ይበላዋል። ቱቦዎቹን ጎንበስ እያደረጉ ስንጥቅ ይፈልጉ። ብየዳው አጠገብ ቀለሙ በቀጭን መስመር ከተሰነጠቀ ከሥሩ ብረቱም ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በኋላ የተበየደ ነገር ካለ ማን እንደበየደው ይጠይቁ፤ መልስ ከሌለ ይተዉት።

አዲስም ሆነ አሮጌ፣ የመጫን አቅሙን፣ ሞዴሉንና አምራቹን የያዘ ሰሌዳ ሊኖረው ይገባል። በአውሮፓ የመኪና ሊፍት ደረጃ ኢኤን 1493 ይባላል። በአሜሪካ የአውቶሞቲቭ ሊፍት ኢንስቲትዩት ያረጋገጣቸው ሞዴሎች በራሱ ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ሁሉም ተንቀሳቃሽ ሊፍት በእነዚህ አልፏል ማለት አይደለም። ሻጩ በየትኛው ደረጃ እንደተፈተነ ሲጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት ይኑረው። ሰሌዳው የተላጠ፣ መመሪያው የጠፋ፣ አቅሙ "ሦስት ቶን ይችላል" ተብሎ በአፍ ብቻ የሚነገርለት ሊፍት በነጻም ቢሰጥ ሥሩ አይገባም።